አንድ ቁልፍ ለአራት ሰርቨር

ማክሰኞ ነበር፤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሃያ። እህትየው ሰዓቱን የያዘችው፣ ወንድሟ የሐኪም ቤት ወረቀቱን ኪቦርዷ ላይ ሲያስቀምጥባት ዓይኗ ኮምፒውተሩ ጥግ ላይ ስላረፈ ነው።

«ሰኞ እተኛለሁ» አላት። «ደረቴን ከፍተው ልቤን ያዩታል። ምን እንደሚያገኙ እንጃላቸው።»

«የፍላሽ ገመድ ነዋ የሚያገኙት» አለችው። «ሰባት ዓመት አንገትህ ላይ ተንጠልጥሎ ወደ ውስጥ ሳይገባ አይቀርም።»

ሳቀ። እጁ ግን ሳያስበው ደረቱ ላይ ወዳለችው ጥቁር ፍላሽ ሄዶ ዳበሳት።

ሁለቱም የሚሠሩት አንድ የሕክምና ላቦራቶሪ ውስጥ ነበር፤ ሰው ደሙን ሰጥቶ ይሄድና ውጤቱን ቤቱ ሆኖ በስልኩ የሚያይበት ዓይነት። እሱ ሰባት ዓመቱ ነው፤ እሷ ሦስት። ሙያውን ትምህርት ቤት ገብተው አልተማሩትም። እሱ ከተበላሹ ኮምፒውተሮች ተማረ፤ እሷ ደግሞ ከእሱ ተማረች። በዕድሜ አሥራ አንድ ዓመት ስለሚበልጣት ከልጅነቷ ጀምሮ «ጋሽዬ» ነው የምትለው። መሥሪያ ቤቱ ግን «ቀስ በቀስ» ይለዋል። የመጀመሪያ ቀን ሥራ ሲገባ፣ ኔትወርኩ መቼ እንደሚስተካከል ቢጠይቁት «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብሎ መለሰ አሉ፤ እንቁላሉ ተረሳ፣ «ቀስ በቀስ» ብቻ ቀረ። እሱም በበኩሉ እህቱን «ችኩሏ» ብሎ አወጣላት፤ ያም ስም ጸደቀ።

ላቦራቶሪው አራት ሰርቨር አለው፤ አራቱም የተቀመጡት አራት ቦታ ነው። ታካሚው ውጤቱን የሚያይበት ከአንድ አከራይ ድርጅት የተከራዩት ማሽን ላይ ነው፤ ማንም በዓይኑ አይቶት አያውቅም። ቀጠሮ መያዣው ከመንገዱ ማዶ ያለው ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ ነው። ሐኪሞች የምርመራ ትእዛዝ የሚልኩበት ደግሞ ሁለተኛው ቅርንጫፍ ውስጥ፣ ደረጃ ሥር ነው። አራተኛው እዚያው መጋዘን ውስጥ፣ ከፍሪጁ ኋላ ተቀምጧል። መመርመሪያ ማሽኖቹ ሥራቸውን የሚቀባበሉት በእሱ ስለሆነ ከውጭው ኢንተርኔት ጋር አይገናኝም፤ ሆን ተብሎ ነው የተዘጋው።

አራቱም ሰርተፍኬት ያስፈልጋቸዋል። ሰርተፍኬት የሳይቱ መታወቂያ ነው፤ «እኔ ነኝ ያልኩት እኔው ነኝ፣ በመሐላችን የሚያዳምጥ የለም» የሚያሰኘው እሱ ነው። ከጎኑ አንድ ምስጢራዊ ቁልፍ አለ፤ ያ ቁልፍ ከሰርቨሩ ውጭ ማንም ጋ መገኘት የለበትም። ሰርተፍኬቱ ጊዜው ሲያልፍ ብራውዘሩ ቀይ ያወጣና «ይህ ቦታ አስተማማኝ አይደለም» ይላል። የልጇን የደም ውጤት የምትጠብቅ እናት ያንን ስታነብ ምን እንደሚሰማት ለመገመት አዋቂ መሆን አያስፈልግም።

ቀስ በቀስ ሰባቱን ዓመት ሙሉ የሚገዛው አንድ ሰርተፍኬት ብቻ ነበር። ስሙ ፊት የኮከብ ምልክት ስላለበት «ባለ ኮከቡ» ይሉታል፤ በአንድ ዶሜን፣ ማለትም በላቦራቶሪው የኢንተርኔት አድራሻ፣ ሥር ያለውን ስም ሁሉ ይሸፍናል። በዓመት አንድ ቀን አዲሱን ከነቁልፉ ፍላሿ ላይ ጭኖ ከሰርቨር ሰርቨር ይዞራል። በኢንተርኔት ልኮት አያውቅም፤ «ቁልፍ በእጅ ነው የሚሰጠው» ይላል። ለተከራዩት ማሽን እንኳ አከራዩ ቢሮ ድረስ ሄዶ፣ እዚያ ካለው ኮምፒውተር ላይ ነው የሚያስገባው። አንዱን ሰርቨር አርባ ደቂቃ ይፈጅበታል። እህቱ አሥር ደቂቃ የሚበቃው ሥራ ነው ትላለች።

የዚያ ዓመቱ ባለ ኮከብ ጊዜው የሚያልፈው በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ነበር፤ ማለትም እሱ በተኛ በሦስተኛው ቀን።

«እንግዲህ ነገ እንዙርና ላሳይሽ» አላት። «ዘንድሮ እኔ፣ ለከርሞ አንቺ።»

«ጋሽዬ፣ እሱን ነገር ተወው። ለአራቱም የየራሳቸውን እናውጣላቸው። ሰርተፍኬቱን በነፃ የሚሰጡ አሉ፤ ሰርቨሩ ላይ ትንሽ ፕሮግራም ትጭናለህ፣ በየሁለት ወሩ ራሱ ይጠይቃል፣ ራሱ ይቀበላል፣ ራሱ ይተካል። ቁልፉም እዚያው ተወልዶ እዚያው ይሞታል። ሰው አይዞር፣ ፍላሽ አይዞር።»

«አራት ሰርተፍኬት፣ አራት ሐሳብ።»

«አንድ ያላት እንቅልፍ የላት ሲባል አልሰማህም? አንዱ ቢበላሽ አራቱም ነው የሚቆሙት።»

«ሰባት ዓመት ተበላሽቶ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«የሠራ ነገር አይነካም።»

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አለች ለራሷ፣ ግን እንዲሰማ አድርጋ።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለ እሱም፣ ወደ መስኮቱ ዞሮ።

በዚህ ዓይነት ምሳ ሰዓት ደረሰ። ላዩ ላይ ቀልድ ነው፤ ሆዷ ግን ሌላ ነገር ያስብ ነበር። እሱ ሰኞ ሲገባ ሥራው በእሷ እጅ ይቀራል። ፍላሽ አንገቷ ላይ ይዛ በዓመት አንዴ የምትዞርበት ሥራ አልታያትም። የእሱም ፍርሃት ተሰውሯት አይደለም፦ ከኦፕሬሽን ክፍሉ ባይወጣስ፣ ሥራው በሥርዓት ለሰው ተላልፎ እንዲቀር ይፈልጋል። ሥርዓት ማለት ደግሞ ለእሱ ያ ዙረት ነው። ስለዚህ እሺ አለችው። ለአንድ ቀን ብትዞርለት ምን ይቀርባታል?

ረቡዕ ጠዋት ከመነሳታቸው በፊት፣ የሚሠራውን ሁሉ መስመር በመስመር ጽፎ አዘጋጅቶላት ነበር፤ ሁለት ገጽ። የመሥሪያ ቤቱ ማተሚያ ቀለም ስለጨረሰ ሕንፃው ሥር ወዳለችው ፎቶ ኮፒ ቤት ወረዱ። ባለቤቷ እጇና አፏ እኩል የሚሠራ ሴት ናት።

«ቀስ በቀስ መጣ! ዛሬ አንድ ገጽ ለማሳተም ስንት ቀን ይፈጅብን ይሆን?»

«ሁለት ገጽ ነው።»

«ኧረ ምሳ ልዘዝ።» ወንበሩን ሳበችለት። «እዚያ ማዶ ያለው ላይ ይክፈቱት ጋሼ፤ ይሄኛው ላይ ሰው አለ። ያንን ደግሞ ቀስ ብለው ነው፤ ሰው ቢሆን ኖሮ ጡረታውን ይዞ ቤቱ ይቀመጥ ነበር።»

ተቀመጠ። ፋይሉ ያለው ፍላሿ ላይ ነውና ከአንገቱ ሊያወልቃት ገመዱን ይዞ ሳለ እጁ ቆመ። እህቱ ከጀርባው ስለነበረች ፊቱን አላየችም፤ ያየችው እጁን ነው።

ኮምፒውተሩ ጎን ላይ፣ ግማሹ የተላጠ ነጭ ወረቀት ተለጥፏል። በእሱ የእጅ ጽሑፍ «አይጠፋ» ይላል። ይኼ መጋዘን ውስጥ የነበረው አሮጌው ማሽን ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት አዲሱ ሲመጣ፣ የላቦራቶሪው ባለቤት ዶክተሯ «ከሚወድቅ ጎረቤት ይሥራበት» ብለው ለፎቶ ኮፒ ቤቷ የሰጡት ነው። ከመሰጠቱ በፊት የታካሚ መረጃ የነበረበትን ሁሉ እሱ ራሱ ሦስት ቀን ተቀምጦ አጥፍቶ ነበር። ሦስት ቀን! ያኔ እንኳ ሳቁበት።

«ምነው ጋሼ?» አለች ባለቤቷ።

«ምንም። አንድ ነገር ልፈልግ ይፈቀድልኛል?»

«ቤትዎ ነው።»

ፈለገ። ጥንቃቄ ልማዱ ስለሆነ፣ ፍላሿ ብትጠፋ ብሎ በየሰርቨሩ ላይ አንዳንድ መጠባበቂያ ቅጂ ያስቀምጥ ነበር፤ ማንም እንዳይነካካበት ደግሞ ከሌላው ፋይል ለይቶ፣ ለእሱ ብቻ በሚታወቅ ቦታ። የታካሚውን ሁሉ ሲያጠፋ ያንን ቦታ አላሰበውም። አሁን በአራት ክሊክ ደረሰበት። እዚያው ነበር፤ የባለ ኮከቡ ቁልፍ፣ ተማሪ ሁሉ ፍላሹን እየሰካ የሚያሳትምበት ኮምፒውተር ውስጥ።

«እሱ እኮ የድሮ ነው» አለች እህቱ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ከዚያ ወዲህ ሁለቴ አድሰሃል።»

«ሰርተፍኬቱን ነው ያደስኩት። ቁልፉን አንድም ቀን ለውጬው አላውቅም።» ወደ እሷ ዞረ። «የሠራ ነገር አይነካም ብዬ።»

ይህን ሲላት አፏ ላይ ስንት ነገር መጣ። ትላንት ሙሉ ቀን ስትል የዋለችው ነው፤ አንድ ቁልፍ ለአራት በር፣ ቁልፉ አንድ ቦታ ከተገኘ አራቱም በር ክፍት ነው። ግን ጆሮው ሥር ላብ አየች። ሐኪሙ «አይደናገጥ» ያላት ትዝ አላት።

«ተነስ፣ ወንበሩን ለቀቅ አድርግልኝ» አለችው። «ፋይሉ መጨረሻ የተነካው መቼ እንደሆነ እንይ።»

አየች። ከተጻፈበት ቀን ወዲህ ማንም ነክቶት አያውቅም፤ ቢያንስ ማሽኑ የሚለው ይህን ነው። እሱ ሁለት ጊዜ አስነበባት። ከዚያ ባለቤቷን አስፈቅደው፣ ፋይሉ የነበረበትን ቦታ ተመልሶ እንዳይገኝ አድርገው አጠፉት።

«ቫይረስ ነው?» አለች ባለቤቷ።

«የለም፣ እኔ የረሳሁት ዕቃ ነው» አላት።

«ታዲያ ሁለት ዓመት ሙሉ ኪራይ ሳትከፍሉኝ!»

ያኔ ሳቀ።

ወረቀቱን አትመው ወጡ። ደረጃው ሥር ሲደርሱ ቆመና ፍላሿን ከአንገቱ አወጣ። ገመዱ የነካው ቦታ አንገቱ ላይ ነጣ ብሎ ይታያል።

«በይ ያንቺን ንገሪኝ» አላት። «ከመጀመሪያው። ቀስ ብለሽ።»

እዚያው ደረጃው ላይ ተቀምጠው ነገረችው። ሰው እየወጣ እየወረደ እየዘለላቸው፣ ባተሙት ወረቀት ጀርባ ላይ አራት ሳጥን ሳለች። እሱ መጠየቅ ሲጀምር ደግሞ ጥያቄው እንደ እሱ ነበር፦ ፕሮግራሙ አንድ ቀን ሳያድስ ቢቀር ማን ያውቃል? መልእክቱ የሚመጣው ለአንድ ሰው ከሆነ፣ ያ ሰው ቢታመምስ? ይህንን አላሰበችበትም ነበር። ማስጠንቀቂያው ለእሷ፣ ለእሱና ለዋናዋ ነርስ ለሦስቱም እንዲደርስ ተስማሙ።

መጀመሪያ ግን ዶክተሯ ጋ ልግባ አለ። «ቆይ፣ ጨርሰን እንንገራቸው» ብትለው «ከጨረሱ በኋላ መናገር ወሬ ነው» ብሎ ገባ። እሷ በሩ ላይ ቀረች።

ዶክተሯ መነጽራቸውን አውልቀው ሰሙት። ስለ ቁልፉና ስለ ኮከቡ ግማሹ ባይገባቸውም ዋናው ገብቷቸዋል።

«የሰው ውጤት አይተውብናል?»

«ያየ ሰው ምልክት አላገኘንም። አላየም ብዬ ግን መማል አልችልም። እስከ ዓርብ እንቀይረዋለን፣ የድሮው ደግሞ ይሰረዛል። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ዶክተሯ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። «ኮምፒውተሩን የሰጠሁት እኔ ነኝ» አሉ። «እንግዲህ ጥፋቱን ተካፍለነዋል። ሰኞ ስንት ሰዓት ነው የሚገቡት?»

«አንድ ሰዓት።»

«በባዶ ሆድ፤ እንዳይረሱ። ኮምፒውተሩን እህትዎ ታውቀዋለች፣ ባዶ ሆድን ግን እርስዎ ነዎት የሚያውቁት።»

ሐሙስን ሙሉ ሠሩ። የተከራዩት ማሽን ላይ በአንድ ጊዜ ሄደ። ሰርተፍኬት ሰጪው ድርጅት «ሳይቱ የአንተ ከሆነ ይህን ቃል እዚያ ላይ አስቀምጥና ልየው» ይላል፤ ፕሮግራሙ ያስቀምጣል፣ ድርጅቱ ከውጭ መጥቶ ያያል፣ መታወቂያውን ይሰጣል። ሁሉም አንድ ደቂቃ አልሞላም። ቀስ በቀስ ስክሪኑን አየና «አለቀ?» አለ። «አለቀ» አለችው። «ምን ያጣድፈዋል?» አለ፣ ቅር እንዳለው ሰው። ቀጠሮ መያዣውም ሄደ። የሐኪሞቹም ሄደ።

ዓርብ ጠዋት አራተኛው ላይ እምቢ አለ። አንዴ ሞከረች፣ ደገመች፣ ሠለሰች። ከፍሪጁ ኋላ ተንበርክካ ኪቦርዱን ስትደበድብ፣ እሱ ካርቶን ላይ ተቀምጦ ብርቱካን ይልጣል።

«ችኩሏ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ?»

«ቆይ አሁን።»

«ያ ድርጅት ቃሉን ከውጭ መጥቶ ነው የሚያየው አላልሽኝም?»

«አዎ።»

«ታዲያ ይሄ ቤት የውጭ በር አለው?»

እጇ ኪቦርዱ ላይ ቀረ። የለውም። ራሱ ነው የዘጋው፣ ለደኅንነት ሲባል። የሚያንኳኳው እንግዳ በሩን ሊያገኘው አይችልም።

«ስትሞክሪ አየሁሽ፤ ልንገራት ወይስ ትድከም እያልኩ ነበር» አለ፣ ብርቱካኑን ለሁለት እየከፈለ። ግማሹን ሰጣት።

«ልክፍት ነህ።»

«በሩን ልክፈትለት ካልሽ ደግሞ እጣላሻለሁ።»

አላለችም። ሌላ መንገድ ነበር፤ ቃሉን ሰርቨሩ ላይ ሳይሆን ዶሜኑ በተመዘገበበት ዝርዝር ውስጥ መጻፍ። ያ ዝርዝር ግን ገብቶ በእጅ ካልጻፉበት ለፕሮግራም የማይታዘዝ፣ እንደ እሱ ያለ ግትር ነው። በየሁለት ወሩ ገብቶ ከመጻፍ፣ ለዚህ ለአንዱ ብቻ ዓመት የሚቆይ ሰርተፍኬት መግዛት ይሻላል። ኮከብ የሌለው፣ በአንድ ስም ብቻ። ቁልፉም አዲስ፣ እዚያው የሚፈጠር፣ ከዚያ የማይወጣ።

«ይሄ የእኔ ነው» አለ። ፊቱ በራ። «ሦስቱን ያንቺ ማሽን ያድሳቸው። ይህቺን በዓመት አንዴ በእጄ አድሳለሁ።»

«ምርጫው ልክ ስለሆነ ነው ወይስ መምጫ ምክንያት ፈልገህ?»

«ሁለቱም አንድ ላይ ሲገጥሙ ሰው ለምን ይከራከራል?»

ሠራው። እሷ በስልኳ ሰዓት ያዘችበት፤ አርባ አንድ ደቂቃ። ከዚያ ከቢሮ ሆነው አራቱን ሳይት አንድ በአንድ ከፈቱ፤ አራቱም ደህና ናቸው። ባለ ኮከቡ እንዲሰረዝ ጥያቄውን የላከው እሱ ነው። አዝራሩን ከመጫኑ በፊት እጁን አንስቶ «ሰባት ዓመት አገልግለሃል» አለው፣ በጡረታ እንደሚሸኙት የሥራ ባልደረባ። ፍላሿ ላይ ያለውንም ሁሉ አጠፋና ለነርሷ ሰጣት፤ የልጇን የሠርግ ፎቶ እንድትጭንባት።

ማታ ሳይሆን ገና ፀሐይ ሳለ ወጡ። ሁለት ገጹን ወረቀት አጥፎ ለእህቱ ሰጣት። ጀርባው ላይ የእሷ አራት ሳጥን አለ፤ ፊቱ ላይ የእሱ መስመሮች፣ ሦስቱ ሰርቨሮች ተሰርዘው፣ ለአራተኛው የሚሆኑት ብቻ ቀርተው፣ ጠርዙ ላይ በእስክሪብቶ የተጨመረባቸው።

«አንተ አይደለህ የምታድሰው? ለእኔ ምን ይሠራልኛል?»

«ያዢው። ወረቀት አይከብድም።»

መንገዱን እስኪሻገሩ ክንዱን ያዘችው። እሱ የእግሩን ፍጥነት አልቀየረም፤ እሷ ናት የቀነሰችው።

ኦፕሬሽኑ ደህና ሆነለት። ከዚያ በኋላ አሥር ወር ከሃያ ቀን ኖረ፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ከአራቱ ሳይቶች አንዱም በሰርተፍኬት ምክንያት ቀይ አላወጣም። የአራተኛው ማስታወሻ መልእክት የደረሳት ወንድሟ በተቀበረ በአሥራ አንደኛው ቀን ነው። በማግስቱ ጠዋት መጋዘን ገብታ ወረቀቱን ፍሪጁ ላይ ዘረጋች። ሰባተኛው መስመር ላይ፣ ጠርዙ ጋ፣ «እዚህ ጋ ቁሚ። ከላይ ጀምረሽ መልሰሽ አንብቢ። ትቸኩያለሽ» ይላል። ቆማ ከላይ ጀምራ አነበበች። ሥራው አርባ ደቂቃ ፈጀባት።